መንገደኛ ሳያየው የሚያልፈው ነገር

ከወረታ ወደ ወልድያ ወይም ከወልድያ ወደ ወረታ የሚሄድ አውቶቡስ በነፋስ መውጫ ሲቆም ሁልጊዜ የሚደረገው ነገር አንድ ዓይነት ነው። መንገደኛው ከመውረዱ በፊት ጋቢውን ወይም ካፖርቱን ይፈልጋል፤ ከወረደም በኋላ ባርኔጣውን በአንድ እጁ ይዞ በሁለተኛው እጁ ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፤ «ይህ ነፋስ ዘወትር እንዲህ ነውን?» ብሎ ሻይ ሻጪቱን ይጠይቃታል፤ መልሱንም ሳይሰማ ተመልሶ ከመቀመጫው ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ እንደ ሆነ አሳቡ ላሊበላ ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚሄድ እንደ ሆነ ጣናና ጎንደር ነው። በመካከሉ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ግን ለብዙ ሰው እንቅልፍ የሚተኛበት እንጂ ዓይን የሚከፈትበት አይደለም።

እኔ በዚህች ከተማ በፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስለ ነፋሱ የሚጠይቀኝ እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ የማሳየው በጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ድንጋዮች ነው። መስኮት በተከፈተ ጊዜ ወረቀት ከጠረጴዛ ተነሥቶ ስለሚበር፥ እያንዳንዳችን ጸሐፊዎች መዝገብ የምንጫንባቸው ድንጋዮች አሉን። የኔዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከወንዝ የመጣ ድቡልቡል ነው፤ ሁለተኛው ጥቁር ባልጩት ነው፤ የሦስተኛውን ነገር ኋላ እናገራለሁ። ባለጉዳዮቹም ነገሩን ስለ ለመዱት «የኔ ጉዳይ ከየትኛው ድንጋይ በታች ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠበቃ ይህን ሰምቶ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ፤ ወዲያውም ነፋሱ የውክልና ወረቀቱን ወሰደበት።

በልጅነቴ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት በኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ጥቂት የውጭ አገር ቋንቋ ተምሬ ነበረና፥ የፈረንጆች የመንገድ መጽሐፍ ባገኘሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ አነባለሁ። በአሜሪካ አገር ሰዎች በአውቶሞቢል ሲሄዱ እግረ መንገዳቸውን ቆመው የሚያዩት እንግዳ ነገር ብዙ ነው። በካንሳስ አውራጃ ካውከር ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ፍራንክ ስቶበር የተባለ ገበሬ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ትርፍራፊ ሲባጎ መጠቅለል ጀመረ፤ ኳሱም አድጎ አድጎ ከሰው ቁመት አለፈ፤ እርሱ ከሞተ በኋላም የከተማው ሰዎች በየዓመቱ ይጨምሩበታል። በቴክሳስም አማሪሎ በምትባል ከተማ አጠገብ እንደ ፈረንጆች በ1974 ዓ.ም. 10 ካዲላክ አውቶሞቢሎች አፍንጫቸው ወደ መሬት ተቀብሮ ጭራቸው ወደ ሰማይ ቆሞ እንደ አጥር ተተከሉ፤ መንገደኛም ሁሉ እየቆመ ቀለም ይቀባቸዋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብሥቅም፥ ኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። አንድ የሲባጎ ጥቅል ለማየት አባት ልጆቹን ይዞ ከመንገድ ይወርዳል፤ ስለ ጥቅሉም የሚነግረው ሰው ያገኛል። በእኛ መንገድ ዳር ያለው ነገር ከሲባጎ ይበልጣል፤ ነገር ግን የሚነግር የለም፤ ለመስማትም የሚወርድ የለም።

ይህንንም አሳብ ወደ ሥራ ያደረሰው ልጄ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ዕድሜው 16 ነበረ። ከባልንጀሮቹ ሁለቱ በረሃ አቋርጠው ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ከደላላ ጋራ ይነጋገሩ ነበርና፥ እርሱም በልቡ እንደ ተከተላቸው እናቱ ከፊቱ አነበበች። አንድ ማታ በራት ላይ ጠየቅሁት። «አባባ፥ እዚህ ምን አለ? ነፋስ ብቻ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ብቈጣው መልካም ነበረ የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን በችሎት ሰው ሲናገር ማስጨረስ ስለ ለመድሁ አልተቈጣሁም። እውነቱን ለመናገር የሚያየው ነገር አሳይተነው አናውቅም ነበር። ስለዚህ ፍርድ ቤት ለዕረፍት በሚዘጋበት በመስከረም ወር ይህንን መንገድ ከወረታ ጀምሮ እስከ ዘቢጥ ድረስ አብረን ልንሄድበት ቈረጥሁ።

ባለቤቴ ስለ ገንዘቡ ጥቂት ከተከራከረችኝ በኋላ «እኔና ታናሺቱ የማንሄድ ከሆነ አይሆንም፤ ለብቻህ ወስደህ ስትሰብከው ይሰለቸዋል» አለችኝ። እኔም የፍርዱን ትክክለኛነት አይቼ ይግባኝ አላልሁም። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር፥ ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ ሳለ፥ አራታችንም ተነሣን።

መጀመሪያ የደረስነው ከወረታ ከፍ ብሎ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ በምትለው በአውራ አምባ መንደር ነው። ይህች መንደር በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተች ናት፤ የደርግ ዘመን ወደ ማለቁ በተቃረበ ጊዜ ነዋሪዎቹ ተሰደው እስከ ቦንጋ ድረስ ወርደው እንደ ነበርና ኋላ እንደ ተመለሱ የታወቀ ነው። በመንደሪቱ ወንድና ሴት ሥራ አይለዩም፤ ወንድ ጥጥ ይፈትላል፥ ወጥ ይሠራል፤ ሴት ታርሳለች፥ ሸማ ትሠራለች። ጧሪ የሌለው ሽማግሌ በማኅበር ይጦራል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም፤ በጎ ሥራ ራሱ ይበቃል ይላሉ። በደጀ ሰላም ያደግሁ ሰው ነኝና ደወል የማይሰማበት መንደር ለእኔ ከበደኝ፤ ከብዶኝም ወጣሁ። ባለቤቴ ግን ሌላ ነገር ታይ ኖሮ፥ ከሸማኔዎቹ ቤት ስንወጣ «ሴት ስትሠራው ክሩ አልተበጠሰም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በቤታችን ቡና የማፍላት ተራ ደረሰው፤ እኔም እንዳልቀርሁ ለክቡራን አንባቢዎች መሰወር አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። ደብረ ታቦርን ሁሉ ያውቃታል፤ ጋፋትን ግን ጥቂት ሰው ያውቃታል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለች ኮረብታ ናት። ዛሬ ዓይን የሚያየው ሣርና ድንጋይ ነው፤ ታናሺቱ ልጄም ወዲያው «የታል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋም ተገቢ ነው፤ በዚህ መንገድ ያለው ነገር ሁሉ «የታል?» ለሚል ሰው መልስ የሚሻ ነውና። ስለዚህ ተቀምጠን ነገርኋቸው።

በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ጎባት፥ እርሱም በወጣትነቱ አገራችንን ያየ ሰው ነበር፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና ትምህርት ቤት የተማሩ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ወንጌል እንዲያስተምሩ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ላከ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፥ ሳልሙለር፥ ቤንደርና ሌሎቹም እነዚህ ናቸው። ንጉሡም በጋፋት አስቀመጧቸው፤ አከበሯቸው፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ይልቅ መዶሻቸውን ፈለጉት። ሞሪትስ ሃል የተባለ ፖላንዳዊና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ከእነርሱ ጋራ ነበሩ። ከዚህች ኮረብታ ላይ ነው እንግዲህ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የፈሰሰው። ስሙ ከክሪም ጦርነት የመጣ ነው፤ የሴባስቶፖል ከተማ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ጦር የተከበበችው ካሣ ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ በተባሉበት በዚያው በ1847 ዓ.ም. ነበረና። የመድፉ ክብደት ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ሲሆን፥ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ 70 ቶን ሆኖ የተጻፈበት ጊዜ አለ፤ መዝገብ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ዓይነቱ ነገር እንቅልፍ ይነሣል።

ልጄ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሣር ይነቅል ነበር። «ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ ሠሩ?» ብሎ ጠየቀ። እኔም አዎን አልሁት። «ለምን እንቢ አላሉም?» አለኝ። እኔ ራሴ በሚስዮን ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ ጥያቄው ወደ እኔ የተወረወረ መሰለኝና፥ በኮረብታው ላይ ሆኖ መፍረድ ቀላል መሆኑን፥ በንጉሡ ፊት ቆሞ ግን ሌላ መሆኑን ነገርሁት። እንዳላረካሁት ከፊቱ ዐወቅሁ፤ ጥያቄውን ግን በደብተሩ ጻፈ። ደብተር የያዘ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ መንገዱ በጉና ተራራ ወገን ይሄዳል። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ወርደው ጣና ይገባሉ፤ ከፍ ካለው ስፍራም ጅባራ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። ክምር ድንጋይ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ታናሺቱ ስሙን ሰምታ ስለ ጠየቀች፥ በአገራችን በብዙ ስፍራ መንገደኛ ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን ባየ ጊዜ ተሳልሞ አንድ ድንጋይ ከክምሩ ላይ እንደሚጨምር ነገርኋት። እርስዋም በጋሳይ ሻይ ስንጠጣ አንድ ጠጠር አንሥታ በወንድምዋ ኪስ ጨመረች፤ «ሲሞላ ክምር ይሆናል» አለች።

በቤታችን አንድ ሌሊት አድረን በማግሥቱ ወደ ጨጨሆ ወጣን። ጨጨሆ የበጌምድር በር ይባል የነበረ ታላቅ መተላለፊያ ነው። በመድኃኔ ዓለም ዕለት ሕዝብ ከሩቅ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ግን ገደሉና ነፋሱ ብቻቸውን ናቸው፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በአፋፉ ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ። በዚህ ስፍራ ነው የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር መድፍ ይዞ ያለፈው።

ይህ ነገር በደንብ መነገር ይገባዋል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ከድቶአቸው ነበር፤ እንግሊዞችም በሰር ሮበርት ናፒየር አዛዥነት በባሕር ሊመጡ ይዘጋጁ ነበር። መድፎቹ በሠረገላ ላይ ተጭነው በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር ይስቧቸዋል። መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት ይሠራ ነበር። ወታደሩ ከነሚስቱና ከነሕፃኑ ድንጋይ ይፈነቅላል፤ ዐለቱ እንቢ ሲል በባሩድ ይሰበራል፤ ንጉሡም ራሳቸው ቀድመው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያ ጊዜ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ከጨጨሆና ከዘቢጥ አልፈው፥ የዋድላንና የደላንታን አምባ በሚለየው በጅጣ ገደል ወርደውና ወጥተው፥ በሽሎን ተሻግረው፥ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ፈጣን እግረኛ በጥቂት ቀን የሚፈጽመው መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች ከመቅደላ ብዙ ዕቃ ሲያግዙ ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ፤ ዛሬም በዚያው አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የናፒየር ጦር ወደ ጅጣ በደረሰ ጊዜ የወረደው ንጉሡ ለመድፋቸው በጠረጉት መንገድ ነበር። ከጦሩ ጋራ የመጣው የመልክዐ ምድር ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም ያንን መንገድ አድንቆ ጽፎአል። መንገድ ባለቤቱን አይለይም።

በጨጨሆ አንድ ሽማግሌ ከአጥራቸው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘን። ዕድሜያቸው 80 ያለፈ ይመስለኛል። እንደ አገራችን ወግ ስለ ጤና፥ ስለ ከብት፥ ስለ ዝናብ፥ እንደ ገና ስለ ጤና ከተጠያየቅን በኋላ የመጣንበትን ነገርኋቸው። ብድግ ብለው በዱላቸው እየመሩ ከአስፋልቱ በታች ወሰዱን። በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራውን ይህን መንገድ የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ እርሳቸውም በዱላቸው ወደ ላይ አመልክተው «ያ የቻይና ነው» አሉ፤ ወደ ታች አመልክተው «ይህ የመይሳው ነው» አሉ። በሁለት ወገኑ ዐለት የተቈረጠ የሚመስል፥ ሣር የበቀለበት አንድ ሸንተረር ነው። ይህ ስፍራ በእውነት ያ መንገድ መሆኑን በምስክር ቃል እንጂ በሌላ ማስረጃ አላረጋገጥሁም፤ ስለዚህ እንደ ምስክር ቃል አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ልማድ ሆኖብኝ «አባቴ፥ ይህን አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ጸሐፊ፥ እኔ ከአያቴ ሰማሁ፤ አያቴ ከአባቱ ሰማ፤ አባቱ ግን ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞአል» አሉኝ። ልጄም ቀረብ ብሎ «ወዶ ነው ወይስ ተገዶ?» አለ። ሽማግሌው ዝም ብለው አዩት። ከዚያም በዝግታ ነገሩን። ወታደሩ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ከብቱን እየነዳ ወደ ቈላ ሸሸ፤ ያልሸሸው ተይዞ ድንጋይ ተሸከመ፤ ጐተራው ባዶ ሆነ፤ ቤቱ ነደደ። «ጀግና ነበረ፤ እህላችንንም በላው። ሁለቱንም ጻፍ፤ አንዱን ጽፈህ አንዱን እንዳትተው» አሉት፤ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው የተናገሩት። እኔ በሥራዬ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ ለሁለቱም ወገን እውነት የሚናገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው።

ልጄ ደብተሩን አውጥቶ ሁለቱንም ጻፈ። ከዚያም ከዐለቱ እስከ ዐለቱ በእርምጃው መለካት ጀመረ፤ አንድ ጊዜ ለክቶ አላመነም፤ ተመልሶ ለካ። «መድፉ ስፋቱ ስንት ክንድ ነበር? ሠረገላውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ብዬ መለስሁለት። ባለቤቴም በዚህ መካከል ከሽማግሌው ሚስት ጋራ ቡና ላይ ተቀምጣ ነበረችና፥ ከእኔ የበለጠ ነገር ሰምታ ተመለሰች፤ የሸሹት ሴቶች ምጣዳቸውን በየት እንደ ቀበሩ ጭምር። ስንለያይ ሽማግሌው ከሸንተረሩ ዳር አንድ የድንጋይ ስባሪ አንሥተው «ይህ ምስክር ይሁንህ» ብለው ሰጡኝ። በጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሦስተኛው ድንጋይ ይህ ነው።

ዘቢጥን ያየነው ወደ ማታ ስለ ሆነ ብዙ አልቈየንም። በዚያ ወገን አንቺም በተባለው ስፍራ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከጦር ሚኒስትሩ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር ጋራ ተዋግተው ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላም የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ ዐረፉ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ነበረ። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነውና፥ ከስምንት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በዚህ ደጋ ላይ በረረ ማለት ነው። ቦምብ ከመጣሉም በፊት የጳጳሳቱን ግዝት የያዘ ወረቀት በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ በተነ። ያን ጊዜ ከወታደሩ ፊደል የሚለይ ስንቱ ይሆን? ያም ሆኖ ከሰማይ የወረደ ጽሕፈት ማንም ሳያነበው ያስፈራል። በዚህ ነፋስ ስንቱ ወረቀት ከታሰበለት ሰው እጅ እንደ ደረሰ ከእኔ የተሻለ የሚገምት ጸሐፊ የለም።

ልጄ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሰማዩን ጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ አልተኛም፤ ይህን ለእናቱ በጥቅሻ አመለከትኋት።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ወርዶአል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት በዚህ መንገድ መጥቶ ነፋስ መውጫን ለጥቂት ቀናት ያዛት። በዚያ ጊዜ በእናቶችና በእኅቶች ላይ የደረሰው ግፍ በምርመራ ተመዝግቦአልና በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ አልዘረዝረውም። እኛም እንደ ጨጨሆ ሰዎች ልጆቻችንን ይዘን ሸሸን፤ ባለቤቴም ምጣድዋን ቀበረች። ከማን እንደ ተማረችው አልጠየቅኋትም። ስንመለስ የፍርድ ቤቱ ወረቀት በግቢው ተበትኖ ነበር፤ ሦስቱ ድንጋዮች ግን ከወደቁበት ተገኙ። ሽማግሌው በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። ያ ሸንተረር የመይሳው መሆኑን በዱላ የሚያመለክት ሌላ ሰው ከዚያ በኋላ ፈልጌ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እርሱም የሰማው ከእርሳቸው ነው።

ስለዚህ በዚህ አገር ሥልጣን ያላችሁ ክቡራን ይህን ገጽ ካነበባችሁ አንድ ነገር ላመልክት። በየመንገዱ ዳር የሲሚንቶ መድፍ ይተከል አልልም፤ ሲሚንቶ ውድ ነው፥ ነፋሱም አይምረውም። በጋፋት፥ በጨጨሆና በአንቺም ሦስት መስመር ጽሕፈት ያለበት አንዳንድ ሰሌዳ ቢቆም፥ ከዚያ በፊት ግን የሽማግሌዎቹ ቃል በምስክር አጻጻፍ፥ ማለት ከማን እንደ ሰሙ፥ ምን ራሳቸው እንዳዩ፥ ምን እንዳላዩ ተለይቶ ቢመዘገብ መልካም ነው። ሰሌዳው ቢዘገይ ይቈያል፤ ሽማግሌው ግን ቀጠሮ አያከብርም። እኔም በዕረፍት ቀኔ እስከ ዛሬ 11 ቃል ተቀብያለሁ። ከእነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣረሳሉ፤ ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጫቸዋለሁ።

መንገዱ ሰላም ሆኖ በዚህ የሚያልፍ ሰው ቢኖር፥ ጋቢ ይያዝ፤ በነፋስ መውጫ ሻዩን ከጠጣ በኋላ በጨጨሆ ለአንድ ሰዓት ይውረድ። ለሽማግሌ ሰላምታ ሲያቀርብ አይቸኵል፤ ከሁለተኛው «እንደምን ናችሁ» በፊት ምንም አይጠይቅ። ባለቤቱን ከያዘ ቡናው ወዳለበት ይልካት፤ ታሪኩ ከዚያም ይገኛልና።

ልጄ ወደ ዓረብ አገር አልሄደም፤ ከባልንጀሮቹ አንዱ ሄዶአል። እርሱ አሁን በአዲስ አበባ በግንባታ ሥራ ላይ ነው። ባለፈው የጾም ወራት አንድ ማታ ስልክ ደወለልን፤ እንደ ወትሮው ስለ ጤና ሳይጠይቅ «አባባ፥ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሜአለሁ» አለ። በዚያ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳል ቆሞአል፤ ከፍ ካለ ስፍራ ስለ ሆነ በክንድ መለካት ባይችልም በዓይኑ ገምቶታል። «ያ ሸንተረር ስፋቱ ስንት ነበር? ደብተሩ እቤት አለ፤ እይልኝ» አለኝ። ደብተሩ ከእናቱ ሣጥን ውስጥ ነበረ፤ ከጐኑም በጨርቅ የተቋጠሩ የታናሺቱ ጠጠሮች ነበሩ። መብራት ስላልነበረ በሻማ አገላብጬ አገኘሁት። «ስድስት እርምጃ፤ ሁለት ጊዜ ተለክቶአል» ይላል። አነበብሁለት። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና «ያልፋል» አለ።